ዊንዶውስ 11 ከተጫነ በኋላ የትኛው የፕሪንተር ድራይቨር ይሻላል? የኤችፒ ዩኒቨርሳል ፕሪንት ድራይቨርና የአማራጮቹ ግምገማ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ካበቃ ወዲህ በርካታ መሥሪያ ቤቶች፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች ኮምፒውተሮቻቸውን ወደ ዊንዶውስ 11 አሸጋግረዋል፤ ገና በማሸጋገር ላይ ያሉም ብዙ ናቸው። ከሽግግሩ በኋላ ቀድሞ ችግር የሚፈጥረው አብዛኛውን ጊዜ ፕሪንተሩ ነው። ዕቃው ራሱ አልተበላሸም፤ ቶነሩም ኬብሉም ደህና ነው፤ የጎደለው ለአዲሱ ዊንዶውስ የሚስማማ ድራይቨር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ኤችፒ በነጻ የሚያቀርበውን ዩኒቨርሳል ፕሪንት ድራይቨር ሲሆን፣ ከእሱ ጎን የሚቀርቡትን ሦስት አማራጮችም አብሬ እመዝናለሁ። እነሱም ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣውና ለተለያዩ አምራቾች ፕሪንተሮች በጋራ የሚያገለግለው አይፒፒ ክላስ ድራይቨር፣ በዊንዶውስ አፕዴት በኩል የሚወርደው መሠረታዊ ድራይቨር እና አምራቹ ለየሞዴሉ የሚያዘጋጀው ሙሉ ጥቅል ናቸው። ለመመዘኛ የያዝኳቸው ፕሪንተሮች በአገራችን ቢሮዎች የተለመዱት ሌዘርጄት ፒ1102 እና ሌዘርጄት ፕሮ ኤም402ዲኤን ናቸው። ሁለቱም የአንድ አምራች ሌዘር ፕሪንተሮች ቢሆኑም የሚፈልጉት ድራይቨር ፈጽሞ የተለያየ በመሆኑ ነው አብሬ የያዝኳቸው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከገጽ ቋንቋ ነው። ድራይቨር በኮምፒውተሩና በፕሪንተሩ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው፤ ዎርድ ወይም ኤክሴል ያዘጋጀውን ገጽ ተቀብሎ ፕሪንተሩ በሚያውቀው ቋንቋ ይልክለታል። ኤም402ዲኤን ፒሲኤል 5፣ ፒሲኤል 6 እና ፖስትስክሪፕት የተባሉትን የገጽ ቋንቋዎች ያውቃል፤ በቂ ሜሞሪና የራሱ ፕሮሰሰር ስላለው ገጹን የሚሠራው ራሱ ነው። ፒ1102 ግን ሆስት ቤዝድ ከሚባሉት ወገን ነው። የያዘው ሜሞሪ 2 ሜጋባይት ብቻ ሲሆን ገጹን ነጥብ በነጥብ የሚያዘጋጅለት ኮምፒውተሩ ነው፤ ፕሪንተሩ የተዘጋጀውን ተቀብሎ ወረቀት ላይ ከማሳረፍ ያለፈ ሥራ የለውም። ቀደም ያሉት ሌዘርጄት 1018 እና 1020 ደግሞ ከዚህም አልፈው ኃይል በተሰጣቸው ቁጥር ፈርምዌራቸውን፣ ማለትም የሚሠሩበትን ውስጣዊ ፕሮግራም፣ ጭምር ከኮምፒውተሩ የሚቀበሉ ናቸው። ስለዚህ እነዚህ ሆስት ቤዝድ ፕሪንተሮች ለእነሱ ተብሎ የተሠራው ድራይቨር ከሌለ ሥራ ማከናወን አይችሉም። ድራይቨር የሚመርጥ ሰው ከፕሪንተሩ ስም ቀጥሎ ሊያውቀው የሚገባው ይህንን ነው፤ መረጃውም በፕሪንተሩ መመሪያ ላይ ወይም በአምራቹ ድረ ገጽ የሞዴሉ ዝርዝር መግለጫ ውስጥ ይገኛል።

ቋንቋው ሳይገጥም ሲቀር የሚታየው ምልክት ግልጽ ነው። ፒሲኤል ብቻ ለሚያውቅ ፕሪንተር የፖስትስክሪፕት ሥራ ሲላክለት ትእዛዙን እንደ ተራ ጽሑፍ ስለሚቆጥረው፣ ትርጉም የሌላቸው መስመሮችን እያተመ ወረቀት ይጨርሳል። በመቶኛ ምልክትና በ12345 የሚጀምር እንግዳ መስመር በገጹ አናት ላይ ከታየ ፕሪንተሩ የሥራውን መክፈቻ ትእዛዝ ሳይረዳው ቀርቷል ማለት ነው። ፒሲኤል ኤክስኤል ኤረር የሚል ገጽ ከወጣ ደግሞ ቋንቋው ትክክል ሆኖ ከተላከው ይዘት ውስጥ ፕሪንተሩ ሊያስኬደው ያልቻለው ነገር አለ፤ ያኔ የፖስትስክሪፕቱን ድራይቨር መሞከር ተገቢ ነው። ሆስት ቤዝድ የሆነው ፕሪንተር አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ፍንጭ እንኳን አይሰጥም፤ ኮምፒውተሩ ሥራው ተልኳል ይላል፣ ወረቀት ግን አይወጣም።

አሁን ወደ ዩኒቨርሳል ፕሪንት ድራይቨሩ እመለሳለሁ። የዚህ ድራይቨር ዋና ጥቅም አንድ ፋይል ለብዙ ሞዴሎች ማገልገሉ ነው። በአንድ ቢሮ ውስጥ ኤም402፣ ፒ3015 እና ሌሎች ፒሲኤል 6 የሚያውቁ ሌዘርጄቶች ተቀላቅለው ቢኖሩ ለሁሉም የሚወርደው ድራይቨር ያው አንዱ ነው፤ የኮምፒውተሮች ኃላፊ የሆነ ሰው ለየሞዴሉ የተለያየ ጥቅል ከማጠራቀም ይድናል። ዊንዶውስ 11 ባለ 32 ቢት እትም ስለሌለው የሚመረጠው የ64 ቢቱ ነው፤ ከድሮ ሲዲ ወይም ፍላሽ ላይ የተቀመጠ የ32 ቢት ድራይቨር እዚህ ላይ አያገለግልም። ከፒሲኤል 6 እና ከፖስትስክሪፕት መካከል ለዕለት ተዕለት የቢሮ ሥራ ፒሲኤል 6 ፈጣንና በቂ ነው፤ ፖስትስክሪፕቱ የሚያስፈልገው እንደ ኢንዲዛይን ባሉ የኅትመት ፕሮግራሞች ለሚሠራ ወይም የፒሲኤል ስህተት ለሚደጋገምበት ሰው ነው። ፋይሉ ከሙሉው ጥቅል በጣም ያነሰ በመሆኑ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰውም አይከብድም።

ሲጫን ሁለት ዋና መንገዶችን ያቀርባል። ትራዲሽናል የሚባለው ድራይቨሩን ከአንድ ፕሪንተርና ከአንድ ፖርት፣ ማለትም ሥራው ወደ ፕሪንተሩ ከሚላክበት መስመር፣ ጋር ያያይዘዋል፤ ዳይናሚክ የሚባለው ደግሞ ተጠቃሚው ባተመ ቁጥር በኔትወርኩ ላይ ያሉትን ፕሪንተሮች ፈልጎ እንዲያስመርጥ የተዘጋጀ ነው። ዳይናሚኩ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ላፕቶፕ ይዞ ለሚዘዋወር ሠራተኛ ይጠቅማል። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሁልጊዜ በአንድ ፕሪንተር ለሚያትም ሰው ግን ትርፉ ተጨማሪ ጥያቄ ብቻ ስለሆነ ትራዲሽናሉን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ለኬብል ግንኙነት የዩኤስቢ ምርጫም አለው፤ በዚህ መንገድ ሲጫን ኬብሉ የሚሰካው ጫኚው ፕሮግራም ሰካ ባለ ጊዜ ነው። ቀድሞ ከተሰካ ዊንዶውስ አፕዴት ቀድሞ የራሱን ድራይቨር ያያይዝና አንድ ፕሪንተር በሁለት ስም ተመዝግቦ ይገኛል።

አጠቃላይ መሆኑ ያስከተለው አንድ ድክመት አለ፤ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ድራይቨሩ ለሁሉም ተብሎ የተሠራ በመሆኑ የተያያዘው ፕሪንተር ምን ምን እንዳለው ከፕሪንተሩ ጠይቆ መረዳት ይኖርበታል፤ በመካከላቸው የሁለትዮሽ ግንኙነት ካልተፈጠረ ያለውን ነገር እንደሌለ ይቆጥረዋል። ለዚህ ዋናው ምሳሌ በወረቀቱ ሁለት ገጽ ማተም ነው። ኤም402ዲኤን ወረቀቱን ራሱ ገልብጦ በሁለቱም ገጽ ያትማል፤ ሆኖም ከአዲስ ጭነት በኋላ ፕሪንት ኦን ቦዝ ሳይድስ የሚለው ምርጫ ደብዝዞ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል። መፍትሔው ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ ተብሎ በሚከፈተው መስኮት ዲቫይስ ሴቲንግስ የሚለው ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ኦቶማቲክ ኮንፊገሬሽን ከሚለው ጎን አፕዴት ናው የሚለው ይመረጣል፤ ይህ ካልሠራ ከታች ባለው ዝርዝር ዱፕሌክስ ዩኒት የሚለውን በእጅ ወደ ኢንስቶልድ መለወጥ ነው። ብዙ ወረቀት ለሚያትም ቢሮ ይህች ትንሽ ማስተካከያ የወረቀት ወጪውን እስከ ግማሽ ልትቀንስ የምትችል ስለሆነች ከጭነቱ ጋር በአንድ ጊዜ መፈጸም አለባት።

ከዚህ የሚከተለው ለአማርኛ ተጠቃሚ ከሁሉም የሚበልጠው ጉዳይ ነው፤ አብዛኞቹ የድራይቨር ግምገማዎችም ጨርሶ አይነኩትም። ዊንዶውስ የሚያትመው ቴስት ፔጅ ሁሉም የላቲን ፊደል ነው፤ እሱ በትክክል መውጣቱ የአማርኛው ደብዳቤ በትክክል ለመውጣቱ ዋስትና አይሆንም። ስለሆነም ከአዲስ ድራይቨር በኋላ የመጀመሪያው ሙከራ በአማርኛ የተጻፈ፣ ቢሮው በየቀኑ የሚጠቀምበት ሰነድ መሆን አለበት። ሰነዱ ውስጥ እንደ ቋ፣ ጧ እና ኳ ያሉ ፊደላት፣ አራት ነጥብና ድርብ ሰረዝ፣ የግዕዝ ቁጥሮች፣ እንዲሁም በ8 ነጥብ መጠን የተጻፈ አንድ አንቀጽ ቢካተት መልካም ነው። በትንሽ መጠን ሲታተም የመጀመሪያው የሚጎዳው በፊደሉ እግር ላይ ያለው ምልክት ነው፤ ቢ እና ቤ የሚለያዩት በዚያች ጭረትና በዚያች ቀለበት ብቻ በመሆኑ ኅትመቱ ከደበዘዘ ስም ይለወጣል፣ የስም ስህተት ደግሞ በሕጋዊ ሰነድ ላይ ቀላል ነገር አይደለም። አዲሱ ድራይቨር ኢኮኖሞድ የሚለውን የቶነር ቁጠባ አብርቶ ከሆነ ፔፐር ኳሊቲ በሚለው ክፍል ገብቶ ማጥፋት፣ በፒ1102 ላይ ደግሞ ፋስትሬስ 1200 የሚለውን የጥራት ደረጃ መምረጥ ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል።

አማርኛው ተበላሽቶ ሲወጣ ጥፋቱ ሁልጊዜ የድራይቨሩ አይደለም፤ ይህንን ለይቶ ማወቅ ብዙ የከንቱ ድካም ያስቀራል። ጽሑፉ ስክሪኑ ላይም ተበላሽቶ ከታየ ጉዳዩ የፎንት ነው። ለምሳሌ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ የነበረው ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ተጨማሪ ክፍል ተደርጎ ተለይቷል፤ ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ከተጫነበት፣ አማርኛ ካልተጨመረ በስተቀር ኒያላ አይኖርም። ያኔ ዎርድ በቦታው ኢብሪማን ወይም ሌላ ፎንት ይተካል፤ የፊደላቱ ስፋትና የመስመሩ ርቀት ስለሚለያይ በአንድ ገጽ ያልቅ የነበረ ደብዳቤ ፊርማውን ወደ ሁለተኛ ገጽ ይዞት ይወርዳል። ይህንን አይቶ ድራይቨር መቀያየር ምንም ፋይዳ የለውም። የሚያስፈልገው ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ከሚለው ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስን መጨመር ነው። ዩኒኮድ ከተባለው የጋራ የፊደላት ኮድ በፊት በነበሩ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶችም እንዲሁ ናቸው፤ ፎንቱ በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ ካልተጫነ የሚታየው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው፣ የሚታተመውም ያው ነው።

ስክሪኑ ላይ ትክክል የሆነው ጽሑፍ ወረቀት ላይ ብቻ ከተበላሸ ግን ሰነዱን በማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ ማተምና የወጣውን ፋይል መመልከት ያስፈልጋል። ፒዲኤፉ ደህና ሆኖ ወረቀቱ ከተበላሸ ጥፋቱ ከድራይቨሩ ነው። በዩኒቨርሳሉ ድራይቨር አድቫንስድ በሚለው ክፍል የትሩታይፕ ፎንቶችን በፕሪንተሩ ፎንት ከመተካት ይልቅ እንደ ሶፍት ፎንት አውርዶ የመላክ ምርጫ አለ፤ ከዚያም የሚጠነክረው ትሩታይፕን እንደ ቢትማፕ ላክ የሚለው ነው። ሁለተኛው ፊደሉን በፎንትነት መላኩ ቀርቶ እንደ ምስል ስለሚልከው ሥራው ትንሽ ይዘገያል፤ ነገር ግን ፕሪንተሩ ፊደሉን የመለወጥ ዕድል አይኖረውም። ከፒዲኤፍ የሚያትም ሰው ደግሞ በአዶቤ ሪደር አድቫንስድ ውስጥ ፕሪንት አዝ ኢሜጅ የሚለውን ቢመርጥ ተመሳሳይ ውጤት ያገኛል። ዩኒቨርሳሉን ድራይቨር ከሌሎቹ አስበልጬ እንድመለከተው ካደረጉኝ ምክንያቶች አንዱ እንዲህ ያሉ ምርጫዎችን ለተጠቃሚው ክፍት ማድረጉ ነው።

የወረቀት መጠንም ከአዲስ ጭነት በኋላ ሳይታወቅ ይለወጣል። የኮምፒውተሩ ሪጅን ዩናይትድ ስቴትስ ተብሎ ከተተወ፣ ይህም በአገራችን በብዛት የሚያጋጥም ነው፣ አዲስ የተጫነው ፕሪንተር ሌተር የተባለውን ወረቀት መነሻ አድርጎ ይይዛል። እኛ የምንጠቀምበት ኤ4 ቁመቱ 297 ሚሊሜትር ሲሆን ሌተር 279 ነው። ኤም402ዲኤን በትሬዩ ውስጥ ሌተር እንዲጨመርለት በስክሪኑ ላይ ጠይቆ ይቆማል፤ ዎርድ ደግሞ ገጹን ከሌተር ጋር እንዲስማማ አሳንሶ ሊልከው ስለሚችል አርማና መስመር በታተመበት የደብዳቤ ወረቀት ላይ ጽሑፉ ከቦታው ይሸሻል። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ፕሪንቲንግ ፕሪፈረንስስ ውስጥ የሚደረግ ለውጥ ለአንዱ ተጠቃሚ ብቻ የሚሠራ መሆኑ ነው። በኮምፒውተሩ ለሚገቡ ሁሉ እንዲሆን ከተፈለገ ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ ውስጥ አድቫንስድ ከሚለው ፕሪንቲንግ ዲፎልትስ ገብቶ ኤ4 መምረጥ ያስፈልጋል።

ለፒ1102 እና ለመሰሎቹ ግን ዩኒቨርሳሉን ድራይቨር አልመክርም፤ የሚናገረው ፒሲኤልና ፖስትስክሪፕት ስለሆነ ለሆስት ቤዝድ ፕሪንተር የተሠራ አይደለም። ለእሱ የሚሆነው በራሱ ስም የተዘጋጀው ድራይቨር ብቻ ነው። በዚህ ሞዴል ላይ የሚያጋጥም አንድ ልዩ ነገርም አለ። ስማርት ኢንስቶል የተባለው ገጽታው ሲበራ ፕሪንተሩ በዩኤስቢ ሲሰካ ለኮምፒውተሩ ራሱን እንደ ሲዲ ድራይቭ ያቀርባል፤ ዓላማው ያለ ሲዲ ድራይቨሩን ከራሱ ውስጥ እንዲያስጭን ነበር። በውስጡ ያለው ጫኚ ግን ፕሪንተሩ በተሠራበት በ2010 አካባቢ ለነበሩት የዊንዶውስ እትሞች የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ በዊንዶውስ 11 ላይ ፕሪንተሩ በሲዲ መልክ ታይቶ እንደ ፕሪንተር ሳይመዘገብ ከቀረ ኬብሉንም ፕሪንተሩንም መጠርጠር አያስፈልግም፤ አምራቹ ይህንን ገጽታ የሚያጠፋ አነስተኛ መሣሪያ ስላዘጋጀ በእሱ አጥፍቶ ኬብሉን ነቅሎ እንደገና መሰካት ነው። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ካለ ዊንዶውስ አፕዴት ሌዘርጄት ፕሮፌሽናል ፒ1102 በሚለው ስም መሠረታዊውን ድራይቨር ያመጣል። ይህ ድራይቨር ተጨማሪ ፕሮግራም አይጭንም፤ ለማተም ብቻ ለሚፈልግ ሰው ከሙሉው ጥቅል ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

ሙሉው ጥቅል ስካነር ላላቸው ባለ ብዙ አገልግሎት ፕሪንተሮች ትርጉም አለው፤ የስካን ፕሮግራሙ የሚገኘው በእሱ ውስጥ ነውና። ለማተም ብቻ ለሚያገለግል ፕሪንተር ግን የሚጨምረው ነገር ጥቂት፣ የሚይዘው ቦታና የሚበላው ዳታ ብዙ ነው። ከየትም አማራጭ ይልቅ አጥብቄ የማስጠነቅቀው ግን ድራይቨር እናገኛለን፣ ድራይቨር እናድሳለን ከሚሉ የማይታወቁ ድረ ገጾችና ፕሮግራሞች ነው። ፈልገው የሚመጡት ብዙ ሰዎች ስለሆኑ በፍለጋ ውጤት ላይ ከአምራቹ ገጽ በላይ ሊታዩ ይችላሉ። የፕሪንተር ድራይቨር በሁሉም ታዋቂ አምራቾች ዘንድ በነጻ የሚሰጥ ነው፤ ክፍያ የሚጠይቅ፣ ስልክ ደውሉ የሚል ወይም ሌላ ፕሮግራም አስቀድሞ ካልተጫነ ድራይቨሩን የማይሰጥ ገጽ ወዲያው መዘጋት አለበት።

አይፒፒ ክላስ ድራይቨር የሚባለው የዊንዶውስ የራሱ ድራይቨር በመጪዎቹ ዓመታት ዋናው አማራጭ እየሆነ የሚሄድ ነው። ማይክሮሶፍት በሴፕቴምበር 2023 ባስታወቀው ዕቅድ መሠረት የአምራቾችን ድራይቨሮች በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ማቅረቡን ደረጃ በደረጃ ያበቃል፤ በዕቅዱ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ዊንዶውስ ድራይቨር ሲመርጥ የራሱን አይፒፒ ድራይቨር ያስቀድማል፣ ከጁላይ 2027 ጀምሮ ደግሞ ለአምራቾች ድራይቨሮች የሚፈቀደው የደህንነት ማስተካከያ ብቻ ይሆናል። ይህ ማለት አሮጌ ፕሪንተሮች በአንድ ጀንበር ይቆማሉ ማለት አይደለም፤ የተጫነው እንደተጫነ ይቆያል፣ ከአምራቹ ገጽ አውርዶ መጫንም አልተከለከለም። ድራይቨሩ የሚሠራው ግን ሞፕሪያ የተባለውን የጋራ መመዘኛ ከሚያሟሉ ፕሪንተሮች ጋር ነው። ኤም402ዲኤን በኔትወርክ ሲገናኝ በዚህ ድራይቨር ያለ ምንም ተጨማሪ ጭነት ያትማል፤ ገጹ አብዛኛውን ጊዜ ተዘጋጅቶ እንደ ምስል ስለሚላክ አማርኛውም ሳይዛነፍ ይወጣል። ያጣሁበት ዝርዝር ምርጫዎችን ነው፤ በጽሑፉ ስር የሚያልፍ የውሃ ምልክት፣ በምስጢር ቁጥር የሚጠበቅ ኅትመትና የመሳሰሉት በእሱ ዘንድ የሉም ወይም ተጨማሪ መተግበሪያ ይፈልጋሉ። በዊንዶውስ 11 24ኤች2 እትም የመጣውን ዊንዶውስ ፕሮቴክትድ ፕሪንት ሞድ የሚያበራ ሰውም አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ይህ ሲበራ የአምራቾች ድራይቨሮች ከሥራ ስለሚወጡ ፒ1102 ማተም ያቆማል። በራሱ የሚበራ ስላልሆነ እንደ ፒ1102 ያለ ፕሪንተር ባለበት ቢሮ ባይነካ ይመረጣል።

የትኛውም ድራይቨር ቢመረጥ አሮጌው በደንብ ሳይነሳ አዲሱን መደረብ ተገቢ አይደለም። ከፕሪንተሮች ዝርዝር ላይ ስሙን ማጥፋት ድራይቨሩን አያጠፋውም። ፕሪንት ሰርቨር ፕሮፐርቲስ ውስጥ ድራይቨርስ የሚለውን ከፍቶ የቀድሞውን መምረጥና ሪሙቭ ሲባል ከሚመጡት ሁለት ምርጫዎች ድራይቨሩን ከነጥቅሉ የሚያነሳውን መውሰድ ያስፈልጋል። ድራይቨሩ በሥራ ላይ ነው ብሎ እምቢ ካለ፣ ሰርቪስስ ውስጥ ገብቶ የኅትመት ሥራዎችን ተራ የሚያስይዘውን ፕሪንት ስፑለርን አስቁሞ እንደገና ማስነሳትና ወዲያው መሞከር አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። በጁላይ 2021 ፕሪንትናይትሜር የተባለው የደህንነት ክፍተት ከተገኘ በኋላ በኦገስት በወጣው ማሻሻያ ምክንያት ድራይቨር መጫን የአድሚን ፈቃድ የሚጠይቅ ሆኗል፤ ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የአድሚኑ የይለፍ ቃል በእጅ መኖሩ መረጋገጥ አለበት።

ፖርቱም እንደ ድራይቨሩ ሁሉ ትኩረት ይፈልጋል። ዊንዶውስ የኔትወርክ ፕሪንተርን በራሱ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ደብሊውኤስዲ በተባለ ፖርት ያያይዘዋል፤ በዚህ ፖርት የተያያዘ ፕሪንተር ኤሌክትሪክ ሄዶ ከመጣ በኋላ ኦፍላይን ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ። መብራት በሚቆራረጥበት ቢሮ የሚሻለው ለፕሪንተሩ የማይለወጥ አይፒ አድራሻ መስጠትና ስታንዳርድ ቲሲፒ አይፒ ፖርት በእጅ መፍጠር ነው። አድራሻው ኤም402ዲኤን ላይ ከሪፖርትስ ዝርዝር በሚታተመው ኮንፊገሬሽን ሪፖርት ላይ ይገኛል። ይህ ሪፖርት በትክክል ታትሞ ከወጣ ፕሪንተሩ ራሱ ጤነኛ መሆኑንም ስለሚያረጋግጥ ማንኛውም ፍተሻ ከእሱ ቢጀምር ይመረጣል። ፕሪንተሩ እየሠራ ኮምፒውተሩ ኦፍላይን ነው ካለ፣ በፖርቱ ዝርዝር ውስጥ ኤስኤንኤምፒ ስታተስ ኢነብልድ የሚለውን ምልክት ማንሳት ነው። የኔትወርክ ገመድ የሚቀበል ፕሪንተር ያለው ቢሮ ከአንድ ኮምፒውተር ላይ ሼር ማድረጉን ትቶ እያንዳንዱን ኮምፒውተር በቀጥታ ከፕሪንተሩ ጋር ቢያገናኝ ይሻላል፤ ዊንዶውስ 11 ከ22ኤች2 እትም ጀምሮ የሼር ግንኙነቱን አሠራር ስለለወጠ ከቆዩ ዊንዶውሶች ጋር አለመግባባት ሊፈጠር ይችላል።

ዩኒቨርሳል ፕሪንት ድራይቨሩን ፒሲኤል 6 ለሚያውቁ ሌዘርጄቶች ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ፤ ግማሿን የቀነስኩት የሁለት ገጽ ማተሚያውን በእጅ እስከማስተካከል ስለሚያደርስ ነው። አይፒፒ ክላስ ድራይቨሩ ለቀላል ሥራና ብዙ ዳታ ማውጣት ለማይፈልግ አራት ይገባዋል። በዊንዶውስ አፕዴት የሚመጣው የፒ1102 መሠረታዊ ድራይቨር ተግባሩን በሚገባ ይወጣል፤ ሆኖም እንዲህ ያሉ ድራይቨሮች ወደፊት አዲስ ነገር ስለማይጨመርላቸው የሆስት ቤዝድ ፕሪንተር ባለቤት የሞዴሉን ድራይቨር ከአምራቹ ገጽ ዛሬውኑ አውርዶ፣ ፋይሉን በሞዴሉ ስምና በወረደበት ቀን ሰይሞ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ቢያስቀምጥ እመክራለሁ። አዲስ ፕሪንተር ለመግዛት ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከዋጋውና ከቶነሩ ዋጋ ጋር ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ፒሲኤል 6 ወይም ፖስትስክሪፕት ያውቃል ወይ፣ የሞፕሪያ ምልክትስ በካርቶኑ ላይ አለ ወይ። ሻጩ መልሱን ካላወቀ ሞዴሉን ጽፎ ይዞ ከአምራቹ የዝርዝር መግለጫ ገጽ ማረጋገጥና ከዚያ በኋላ መክፈል ነው።